በቡሽ ከሰል የጠቆሩት «ኢትዮጵያውያን»፦ የአሜሪካ የሚንስትሬል ትርኢት ምን ነበር? ምንስ ትቶ ሄደ?

በ1844 «ኢትዮጵያን ሴሬናደርስ» የተባለ የሙዚቃ ቡድን ዋይት ሐውስ ገብቶ ለፕሬዚዳንት ጆን ታይለር፣ ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ትርኢት አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ በግርድፉ «ኢትዮጵያውያን ዘፋኞች» እንደማለት ነው። ከዘፋኞቹ መካከል ግን ኢትዮጵያዊ ቀርቶ ጥቁር ሰው አንድም አልነበረም። ሁሉም ፊታቸውንና እጃቸውን በተቃጠለ ቡሽ ያጠቆሩ ነጭ አሜሪካውያን ነበሩ።

ትርኢቱ ሚንስትሬል ይባላል፤ ፊትን የማጥቆሩ ልማድ ደግሞ ብላክፌስ። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በአሜሪካ የመዝናኛ መድረክ ላይ የሚስተካከለው አልነበረም። ዛሬ መድረኩ ቢዘጋም ጉዳዩ በየጊዜው ዜና ይሆናል። አንድ ባለሥልጣን በወጣትነቱ ፊቱን አጥቁሮ የተነሳው ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሥልጣኑን ይልቀቅ ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ «ፊቱን ቀለም በመቀባቱ ነው ይህ ሁሉ ግርግር?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል መሄድ ያስፈልጋል፤ በመንገዱ ላይም የራሳችንን አገር ስም ባልጠበቅነው ቦታ ደጋግመን እናገኘዋለን።

ትርኢቱ ምን ይመስል ነበር?

ሚንስትሬል የሚለው ቃል በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለእኛ አዝማሪ የቀረበ ሙያ ያለው ሰው መጠሪያ ነበር። አሜሪካውያን ቃሉን ወስደው ለሌላ ነገር አዋሉት፦ ነጮች ጥቁር መስለው፣ የጥቁሮችን አነጋገር፣ ዘፈንና ጭፈራ ከልክ በላይ እያጋነኑ የሚያስቁበት ትርኢት።

አዘገጃጀቱ ወጪ የሚጠይቅ አልነበረም። የጠርሙስ ቡሽ ይቃጠላል፣ ይደቃል፣ በውኃ ይለወሳል፤ ፊት፣ አንገትና እጅ ይቀባበታል። በከንፈር ዙሪያ ሰፊ ቦታ ሳይቀባ ይተዋል፣ አለበለዚያ በቀይ ወይም በነጭ ይደምቃል፤ በጋዝ መብራት ጭላንጭል ከሩቅ የሚያየው ታዳሚ ትልቅ አፍና የፈጠጠ ዓይን ብቻ እንዲታየው። ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ የተቀዳደደ ወይም ከልክ ያለፈ ሰፊ ልብስና ትልልቅ ጫማ ይጨመርበታል። ይህ ፍጥረት በምድር ላይ ያለ ማንንም ጥቁር ሰው አይመስልም። ሆኖም የማስታወቂያ ወረቀቶቹ «እውነተኛውን የጥቁሮች ሕይወት እናሳያችኋለን» እያሉ ይለፍፉ ነበር፤ ብዙው ታዳሚም አመናቸው።

ሙሉው ትርኢት ሦስት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያው ተዋንያኑ በግማሽ ክብ ይደረደራሉ፤ መሀል ላይ ያለው መሪ «ክቡራን፣ ተቀመጡ!» ሲል ጨዋታው ይጀመራል። መሪው በተመረጠ እንግሊዝኛ የሚናገር ኮስታራ ሰው ነው። ሳቁ ያለው በሁለቱ ጫፍ በተቀመጡት ዘንድ ነው፤ አንዱ ታምቡሪን ስለሚመታ «ታምቦ»፣ ሌላው የከብት ጎድን አጥንት በጣቶቹ መሀል ይዞ ስለሚያንቀጫቅጭ «ቦንስ» ይባላሉ። መሪው ይጠይቃል፣ እነሱ ጥያቄውን አጣመው ይመልሳሉ። በሁለተኛው ክፍል ልዩ ልዩ ጨዋታዎች ይቀርባሉ፤ ከሁሉ የሚታወቀው አንድ «ጥቁር ምሁር» ትልልቅ ቃላትን እያበላሸ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ፍልስፍና የሚደሰኩርበት ንግግር ነበር። ሦስተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ በደቡብ የእርሻ ቦታ ላይ የተቀመጠ አጭር ድራማ ነው። እዚያ ባሪያዎቹ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ጌታቸውን ይወዳሉ። ጅራፍ የለም። ልጅ ከእናቱ ተነጥሎ አይሸጥም።

ሙዚቃው በባንጆ ይታጀባል። ባንጆ ከምዕራብ አፍሪካ ተግዘው የመጡ ሰዎች የአገራቸውን የክር መሣሪያዎች እያስታወሱ በካሪቢያንና በአሜሪካ የሠሩት ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ባንጆ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው የተራራማው ገጠር ነጭ ገበሬ መሆኑ፣ መሣሪያው በየትኞቹ እጆች በኩል እንዳለፈ ይናገራል።

ማን ጀመረው? የትስ ተጀመረ?

ነጭ ተዋናይ ፊቱን አጥቁሮ መድረክ መውጣቱ የቆየ ነገር ነው፤ የሼክስፒር ኦቴሎ ራሱ ሲተወን የኖረው እንዲሁ ነበር። አዲሱን መንገድ የከፈተው ግን በ1808 ኒው ዮርክ የተወለደው ቶማስ ዳርትማውዝ ራይስ ነው። በ1830 ገደማ «ጂም ክሮው» የተባለ ገጸ ባሕርይ ይዞ ብቅ አለ፦ ቡትቶ የለበሰ፣ እያነከሰ የሚዘልና የሚሽከረከር ጥቁር ሰው። ራይስ ጭፈራውን የቀዳው ከአንድ አካል ጉዳተኛ የፈረስ ጋጣ ሠራተኛ ነው ይባላል፤ ወሬው ግን ተራኪው በተለወጠ ቁጥር ከተማውንም ስለሚለውጥ በልክ ማመን ይሻላል። እርግጠኛው ነገር በ1832 በኒው ዮርኩ ባወሪ ቲያትር ሕዝቡ ደጋግሞ እንዲጨፍር ማስገደዱ፣ በ1836 ደግሞ ለንደን ድረስ ተሻግሮ እንግሊዞችንም ማሳበዱ ነው።

ራይስ ብቻውን የሚጫወት ነበር። በ1837 አሜሪካን የመታው የኢኮኖሚ ቀውስ ቲያትር ቤቶችን አደኸየ፤ ሥራ የፈቱ ተዋንያን በዙ። በየካቲት 1843 ከእነዚህ አራቱ፣ የኦሃዮውን ዳን ኤሜትን ጨምሮ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ታምቡሪንና አጥንት ይዘው «ቨርጂኒያ ሚንስትሬልስ» በሚል ስም አብረው መድረክ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሙሉ ምሽት የሚሞላ ትርኢት አቀረቡ። ወዲያው አስመሳዮቻቸው በየከተማው ፈሉ። ከ1847 ጀምሮ የኤድዊን ክሪስቲ ቡድን በኒው ዮርኩ የቲያትር ጎዳና በብሮድዌይ አንድ አዳራሽ ይዞ ለሰባት ዓመት ያህል ሳይነቀል ተጫወተ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሚንስትሬል ባሪያ አሳዳሪው ደቡብ የፈጠረው ይመስለናል። የተወለደውም፣ ያደገውም፣ የሚበልጠውን ገንዘብ ያገኘውም በሰሜኑ ከተሞች ነው። ለክሪስቲ ቡድን ብዙ ዘፈን የጻፈው ስቲቨን ፎስተር የፔንሲልቬኒያ ሰው ነበር። በ1851 ስለ ደቡብ ናፍቆት የጻፈው ዝነኛ ዘፈኑ የሚያወድሰውን ወንዝ አይቶት አያውቅም፤ ለዜማው የሚስማማ ስም ሲፈልግ ከካርታ መጽሐፍ ላይ የፍሎሪዳን ስዋኒ ወንዝ አግኝቶ፣ ስሙን ቆርጦ አስገባው። ዘፈኑ በ1935 የፍሎሪዳ ግዛት መዝሙር ሆነ። የደቡብ ጦር በእርስ በርስ ጦርነቱ እየዘመረ የዘመተበት «ዲክሲ»ም በዚያው በኦሃዮው ኤሜት እጅ ወጥቶ በ1859 መጀመሪያ የተሰማው ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ነው።

ታዳሚው ለምን ይህን ያህል ወደደው?

ኒው ዮርክ ባርነትን ሙሉ በሙሉ ያስቀረችው በ1827 ነው። ራይስ መድረክ ላይ መዝለል ሲጀምር ነጻ የወጡ ጥቁሮች በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ ይሠራሉ፣ ይነግዳሉ፣ እሑድ እሑድ አምረው ለብሰው ይወጣሉ። አጠገባቸው ደግሞ ከአየርላንድና ከሌላውም የአውሮፓ ክፍል የጎረፈ ድሃ የቀን ሠራተኛ አለ። በወደቡና በግንባታው ለአንድ ሥራ ይሻማሉ። አይሪሾቹ ራሳቸው በባለጸጋው እንግሊዛዊ ዘር ዘንድ ሰካራም፣ ሰነፍና እንደ ዝንጀሮ የሚቆጠሩ ነበሩ። የታሪክ ምሁራን ደጋግመው የሚያነሱት ነጥብ ይህ ነው፦ ለናቀው ማኅበረሰብ መግቢያ ያጣ ሰው፣ ከእሱ በታች ያለ ሌላ ሰው መድረክ ላይ ሲዋረድ እያየ ከሚስቁት ጋር አብሮ መሳቅ «እኔም ከእናንተ ነኝ» የማለት መንገድ ሆነለት። ብዙዎቹ የሚንስትሬል ተዋንያን ራሳቸው የአይሪሽ ልጆች መሆናቸው አያስገርምም።

የሳቁ ምንጭ ንቀት ብቻ ነበር ማለት ግን ነገሩን ማቅለል ነው። ሰዎቹ ሙዚቃውን ከልባቸው ወደውታል። ጭፈራው ሰውነታቸውን ያንቀጠቅጠው ነበር። በጥቁር ጭምብል ተሸፍነው ሀብታሙን፣ ዳኛውንና ፖለቲከኛውን ይሰድቡ ነበር። የሚወዱትን ነገር ከባለቤቱ ወስደው ባለቤቱን ያዋርዱበታል፤ ሁለቱ አብረው ነበር የሚሄዱት።

ጅምላ ፍረጃ የሚባለው ነገር የሚበቅለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ጅምላ ፍረጃ ማለት አንድን ሕዝብ በሙሉ በአንድ ባሕርይ ጠርቶ፣ እያንዳንዱን ሰው በዚያ መስፈሪያ መለካት ነው። ጎረቤትህን አግኝተኸው አታውቅም እንበል፤ ስለ እሱ የምታውቀው ባላንጣው በየምሽቱ አነጋገሩንና አረማመዱን እያጣመመ ሲያስመስለው በማየት ብቻ ነው። አንድ ቀን ጎረቤትህ ራሱ በርህን ቢያንኳኳ የምትሰማው የእሱን ድምፅ ይሆን? በሰሜን አሜሪካ መንደሮች፣ በኋላም በእንግሊዝና በአውስትራሊያ፣ ጥቁር ሰው አይቶ የማያውቅ ሚሊዮን ሕዝብ ከጥቁሮች ጋር «የተዋወቀው» በዚህ መንገድ ነበር።

ከገጸ ባሕርያቱ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብዙ ነገር ያስረዳል። ጂም ክሮው የገጠሩ ባሪያ ነው፦ ሰነፍ፣ ጅል፣ ግን ደስተኛ። ዚፕ ኩን ደግሞ በ1830ዎቹ አጋማሽ የተፈጠረ የከተማው ነጻ ጥቁር ነው፦ ባለ ጅራት ኮት፣ ባለ ሰንሰለት ሰዓት፣ ትርጉሙ የማይገባውን ትልልቅ ቃል ከአፉ የሚያወጣ ጉረኛ። ባሪያ ሲሆን ይደሰታል፣ ነጻ ሲወጣ ይቀልላል። ባርነት ይቅር የሚለው ክርክር አገሪቱን እየሰነጠቃት በነበረበት ወቅት እነዚህ ሁለት ቀልዶች ምን ዓይነት የፖለቲካ ሥራ እንደሠሩ ለመረዳት ምሁር መሆን አያሻም። ሌሎቹም ተከተሉ፦ የራሷን ልጆች ትታ የነጮቹን የምታሳድግ ወፍራም፣ ተቆጪና ታማኝ ሞግዚት፤ ወንዶችን የምታሳስት ልቅ ሴት (የሚጫወታት ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነው)፤ ፀጉራቸው የተንጨባረረ፣ ሐብሐብ የሚሻሙ ሕፃናት።

ጥቁሮቹስ ምን አሉ?

ከባርነት አምልጦ የወጣው ታላቁ ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1848 በራሱ ጋዜጣ ላይ የጻፈው ዛሬም ያቃጥላል። እነዚህ ተዋንያን የነጭ ኅብረተሰብ ዝቃጮች ናቸው፤ ተፈጥሮ የነፈገቻቸውን መልክ ከእኛ ሰርቀው ገንዘብ ይሠሩበታል፣ አለ። በቀጣዩ ዓመት ግን የእውነተኛ ጥቁሮች ቡድን ተመሳሳይ ትርኢት ሲያቀርብ ሄዶ አየና ልቡ ተከፈለ፦ ጥቁር ሰው በየትኛውም መልክ ቢሆን በነጭ ታዳሚ ፊት መቆሙ አንድ ነገር ነው፤ ማጋነኑን ግን ይተዉ፣ ሲል ጻፈ።

ይህ አጣብቂኝ ለመቶ ዓመት አልተፈታም። ዊሊያም ሄንሪ ሌይን፣ በመድረክ ስሙ «ማስተር ጁባ»፣ በኒው ዮርክ የድሆች ሰፈር ያደገ ጥቁር ወጣት ነበር፤ ቻርልስ ዲክንስ በ1842 ሰፈሩን ሲጎበኝ አይቶት የጻፈለት ጨፋሪ እሱ እንደሆነ ይታመናል። በዘመኑ የኖረ አንድ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ነጭ ታዳሚ እውነተኛ ጥቁር ልጅ መድረክ ላይ ማየት ስለማይታገሥ አሠሪው የልጁን ፊት በቡሽ ከሰል ቀብቶ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍቶለት አወጣው። ጥቁሩ ልጅ ጥቁር የተቀባው፣ ነጭ መሆኑን እንዲያምኑለት ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የጥቁሮች የራሳቸው ሚንስትሬል ቡድኖች በዙ። ነጻ ለወጣ፣ መሬትም ትምህርትም ላላገኘ ባለተሰጥኦ ሰው መድረኩ እንጀራ ነበር። ብሉዝ በተባለው የጥቁሮች ሙዚቃ እናቱ የምትባለው ማ ሬይኒም ሆነች አባቱ የሚባለው ደብልዩ ሲ ሃንዲ በዚያ አልፈዋል። ግን በሩ የሚከፈተው ጭምብሉን ለሚያጠልቅ ነው። የኬክዎክ ጭፈራ ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። በባርነት የኖሩ ሰዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ ጭፈራው የጌቶቻቸውን የተንቀባረረ የግብዣ አረማመድ ለመቀለድ የፈጠሩት ነበር። ነጭ ሚንስትሬሎች ቀልዱ በእነሱ ላይ መሆኑ ሳይገባቸው ኮርጀው «የጥቁር ሞኝነት» አድርገው አቀረቡት። ቀጥሎ የጥቁሮቹ ቡድኖች የነጮቹን ኩረጃ አስመስለው ተጫወቱት። ማን በማን ላይ እንደሚስቅ ለማወቅ የሚቸግር ነገር ሆነ።

በ1874 ባሃማስ የተወለደው በርት ዊሊያምስ ከሁሉም የበለጠ ዝና አገኘ። ቆዳው ቀላ ያለ፣ አነጋገሩ የተጣራ ሰው ነበር፤ መድረክ ላይ ግን በቡሽ ጠቁሮ፣ የደቡብ ጥቁሮችን አነጋገር እንደ ባዕድ ቋንቋ አጥንቶ ነበር የሚጫወተው። በ1910 ብሮድዌይ ላይ ከነጮች እኩል በታላቅ ትርኢት ተሰለፈ። ጥቁር በመሆኔ የሚያሳፍር ነገር አግኝቼ አላውቅም፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይመች ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ያለው እሱ ነው። አብሮት የሠራው ነጭ ኮሜዲያን ደብልዩ ሲ ፊልድስ ካየሁት ሰው ሁሉ አስቂኙ፣ ካወቅሁት ሰው ሁሉ ያዘነው እሱ ነው ብሎለታል።

የኢትዮጵያ ስም እዚያ ምን ይሠራ ነበር?

«ኢትዮጵያን ሴሬናደርስ» ብቻውን አልነበረም። ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ተዋንያን በሙሉ «የኢትዮጵያ ገጽታ አሳዮች»፣ ዘፈኖቻቸው «የኢትዮጵያ ዜማዎች» ይባሉ ነበር። በ1854 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጃፓንን በራፏን እንድትከፍት ሲያስገድድ፣ መርከበኞቹ ለጃፓን ተደራዳሪዎች ክብር በመርከብ ላይ ያሳዩት ይህንኑ ትርኢት ነው። ጃፓኖቹ ስለ አሜሪካ ባህል ካዩት የመጀመሪያ ነገር አንዱ እሱ ሆነ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞችም በኩል፣ ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም ለማንኛውም ጥቁር ሰው ይሰጥ ነበር። ኤርምያስ «ኢትዮጵያዊ መልኩን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» ሲል የጠየቀውን በሰንበት የሰማ አሜሪካዊ፣ በሳምንቱ መካከል አዳራሽ ገብቶ መልካቸውን በአንድ ሰዓት የሚለውጡ «ኢትዮጵያውያን» ያያል።

በዚያው ከተማ ስሙ ፍጹም ሌላ ትርጉምም ነበረው። በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ በዘር ተለይተው እንዲቀመጡ የታዘዙ ጥቁር ምእመናን ቤተ ክርስቲያኑን ጥለው ወጡና የራሳቸውን መሠረቱ፤ ስሙን «አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች» አሉት። እስከ ዛሬ ሃርለም ውስጥ አለ። «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙር ቃል ጥቁር አሜሪካውያን የነጻነታቸው ተስፋ አድርገው ይይዙት ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላማ ስሙ የበለጠ ከበደ። በ1906 በርት ዊሊያምስና ጓደኛው ጆርጅ ዎከር ብሮድዌይ አካባቢ «አቢሲኒያ» የተባለ የሙዚቃ ድራማ ሲያቀርቡ፣ ታሪኩ ወደ ኢትዮጵያ ስለሚጓዙ ጥቁር አሜሪካውያን ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም፣ በሕይወት እያሉ፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ሆኑ። ዊሊያምስ ግን በዚያም መድረክ ላይ ፊቱን በቡሽ አጥቁሮ ነበር።

ጭምብሉና ስማችን በጣም የተቀራረቡበት ቀን የካቲት 7 ቀን 1910 ሳይሆን አይቀርም። ስድስት እንግሊዛውያን ወጣቶች ለቀልድ ብለው፣ በውጭ ጉዳይ ሹም ስም የሐሰት ቴሌግራም ልከው፣ የብሪታንያን ዘመናዊ የጦር መርከብ «ድሬድኖት»ን «የአቢሲኒያ ልዑላን» መስለው ጎበኙ። አራቱ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጢም ተለጥፎላቸው፣ ጥምጥም አድርገዋል። ከእነሱ አንዷ በኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ በዓለም የታወቀችው ደራሲ ናት። ቀይ ምንጣፍ ተነጠፈ። የኢትዮጵያ መዝሙር ስላልተገኘ ባንዱ የዛንዚባርን መታ። አስተርጓሚ የሆነው ወንድሟ አማርኛ ስለማያውቅ ትምህርት ቤት የሸመደደውን የላቲን ግጥም እየቆራረጠ «ተረጎመ»። ምግብ ሲቀርብላቸው ቀለሙ እንዳይለቅ ፈርተው አልበላም አሉ። መርከቡ ላይ የነበረ የገዛ ዘመዳቸው እንኳን አላወቃቸውም። ነገሩ ሲጋለጥ መላው አገር በባሕር ኃይሉ ሳቀ፤ ቀልዱ የገባው ስለ ባለሥልጣናቱ ሞኝነት ነበር። ለእኛ የሚታየን ሌላ ነገር ነው፦ ከዐድዋ 14 ዓመት በኋላ፣ ከምኒልክ መንግሥት ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ያለው አገር መኮንኖች፣ ፊቱን ያጠቆረን እንግሊዛዊ ከኢትዮጵያዊ መለየት አልቻሉም። ጭምብሉን እንጂ ሰውየውን አይተው አያውቁም ነበርና።

ቀልድ እንዴት ሕግ ሆነ?

ባርነት በ1865 ተሻረ። የደቡብ ግዛቶች ጥቁሮችን በባቡር፣ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በመቃብር ሳይቀር የሚለዩ ሕጎችን ማውጣት ሲጀምሩ ሕዝቡ የሰጣቸው ስም «የጂም ክሮው ሕጎች» የሚል ነው። የራይስ ቡትቷም ጨፋሪ የአንድ ሥርዓት መጠሪያ ሆነ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 «ተለያይተው፣ ግን እኩል» በሚል አጸደቀው፤ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ቆየ። ትርኢቱ ሕጉን ጻፈው ማለት አይቻልም። ሕጉን የጻፉት የመሬት፣ የጉልበትና የድምፅ መስጫ ጥቅም የነበራቸው ሰዎች ናቸው። መድረኩ ያደረገው ሕጉ ለብዙው ነጭ ዜጋ ተገቢ መስሎ እንዲታየው ማለማመድ ነው፤ ጂም ክሮውን የሚያውቅ ሰው ጂም ክሮው ድምፅ ይስጥ ሲባል ይስቃል።

በዚህ ወቅት አንድ አዲስ ገጸ ባሕርይ ተጨመረ። የጥንቱ ሚንስትሬል ጥቁር የሚያስቅ እንጂ የሚያስፈራ አልነበረም። ጥቁሮች ነጻ ወጥተው ወንበርና መሬት መጠየቅ ሲጀምሩ ግን በ1890ዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ምላጭ ይዞ የሚዞር፣ የሚሰርቅና የሚደባደብ ጥቁር ብቅ አለ። በ1915 የወጣው «የአንድ ሕዝብ ልደት» የተሰኘ ፊልም ዋና ዋናዎቹን ጥቁር ገጸ ባሕርያት ፊታቸውን ላጠቆሩ ነጮች ሰጥቶ፣ ነጭ ሴት የሚያሳድድ አውሬ አድርጎ ሣላቸው፤ ጥቁሮችን ያሸብር የነበረውን የነጮች ምስጢራዊ ማኅበር ኩ ክሉክስ ክላንን አዳኝ አደረገ። ፊልሙ ዋይት ሐውስ ውስጥ ታየ። ቀደም ሲል ተበትኖ የነበረው ክላንም በዚያው ዓመት እንደገና ተቋቋመ።

መድረኩ ሲዘጋ ገጸ ባሕርያቱ የት ሄዱ?

ቤት ለቤት ገቡ። በ1927 ሲኒማን ድምፅ አሰምቶ ዘመን የለወጠው «ዘ ጃዝ ሲንገር» ዋና ተዋናዩን አል ጆልሰንን በቡሽ አጥቁሮ ነበር የሚያዘፍነው። በ1928 ሁለት ነጮች የሁለት ጥቁሮችን ድምፅ እያስመሰሉ የጀመሩት «ኤመስ ኤንድ አንዲ» የተባለ የሬዲዮ ድራማ፣ በገነነበት ጊዜ እስከ 40 ሚሊዮን አድማጭ እንደነበረው ይገመታል። ሬዲዮ ላይ ቀለም አይታይም፤ አነጋገሩ ብቻ በቂ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ቢቢሲ «ብላክ ኤንድ ዋይት ሚንስትሬል ሾው» የተባለውን ትርኢት ከ1958 እስከ 1978 በቴሌቪዥን አሳየ፤ በ1967 ይቁም የሚል አቤቱታ ቢቀርብም አሥራ አንድ ዓመት ቀጠለ።

ወፍራሟ ሞግዚት ወደ ማእድ ቤት ሄደች። በ1889 ሚዙሪ ውስጥ የፓንኬክ ዱቄት የሚሠራ አንድ ነጋዴ፣ ፊታቸው የጠቆረ ተዋንያን «አክስት ጀማይማ» የሚል ዘፈን ሲጫወቱ ሰምቶ ስሙን ለዱቄቱ ሰጠው። ምስሏ በካርቶን ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ፤ ስሙ የተለወጠው በ2021 ነው። በ1940 ኦስካር በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር የሆነችው ሃቲ ማክዳንኤልም የተሸለመችው በዚሁ የሞግዚት ሚና ነው። በሽልማቱ ምሽት ከፊልሙ ነጭ ባልደረቦቿ ተለይታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች።

«ፊቴን ብቀባ ምን አለበት?»

በ2019 ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የቨርጂኒያ ግዛት ገዥ ራልፍ ኖርታም፣ በ1984 የሕክምና ትምህርት ቤት የዓመት መጽሐፍ ላይ በስማቸው ገጽ የወጣ ፎቶግራፍ ተገኘባቸው። አንዱ ሰው ፊቱን አጥቁሯል፤ ሌላው የክላን ነጭ ልብስ ለብሷል። መጀመሪያ አለሁበት ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ በማግስቱ የለሁበትም አሉ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ማይክል ጃክሰንን ለመምሰል በጫማ ቀለም ፊታቸውን አጥቁረው እንደነበር አመኑ። በዚያው ሳምንት የግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግም በ1980 ተመሳሳይ ነገር ማድረጋቸውን ራሳቸው ተናገሩ። ኖርታም አልለቅም ብለው ዘመናቸውን በ2022 ጨረሱ።

ማይክል ጃክሰንን የሚወድ ወጣት ጥላቻ ላይኖረው ይችላል። ችግሩ አለባበሱ፣ ጓንቱና ጭፈራው ብቻ ማንን እንደሚመስል እየተናገሩለት፣ ቆዳውን ደግሞ እንደ አልባሳት መቁጠሩ ነው። ያንን የጀመረው የራይስ ዘመን መድረክ ነው፤ የሚያየው ጥቁር ሰው ደግሞ በፍቅር የተቀባውን በንቀት ከተቀባው መለየት አይችልም፤ እንዲለይ መጠየቅም ከባድ ነው። ከኢትዮጵያ ሄዶ የሚኖር ወላጅ ልጁ፣ ልጆች ሌላ ሰው መስለው በሚለብሱበት በሃሎዊን በዓል ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ቢመጣ፣ መምህራኑ ለምን እንደተቆጡ ለማስረዳት ይህን ያህሉ ይበቃዋል።

ከትርኢቱ ያልጠፋው ዜማው ነው። የዚፕ ኩን ዘፈን ቃሉ ተቀይሮ በአይስክሬም መኪኖች ላይ ሲጮህ ኖሯል። የፎስተር የኬንታኪ ዘፈን ደግሞ የግዛቲቱ መዝሙር ነው። በ1986 የግዛቲቱ ምክር ቤት ውስጥ ለጉብኝት የመጡ ጃፓናውያን ተማሪዎች ዘፈኑን በጥንቱ ቃል፣ ጥቁሮችን በሚያንቋሽሸው ስም ጭምር፣ ዘመሩት። በአዳራሹ የነበሩት ጥቁር የምክር ቤት አባል ካርል ሃይንስ ውሳኔ አቅርበው ያች ቃል «ሰዎች» በሚል ተተካች። በሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ በሚካሄደው በታዋቂው የኬንታኪ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ ሕዝቡ በየዓመቱ ቆሞ ይዘምረዋል።